ስልሳ ሦስት አውራ ጣት

የሆስፒታላችንን ልብስ ማጠቢያ ቦይለር ሠላሳ አንድ ዓመት ያነደዱትን ሰው ጋሽ እንፋሎት እንላቸዋለን። ግፊቱን ከመለኪያው ጌጅ ይልቅ በጆሯቸው ነው የሚያውቁት። ጡረታቸው ሲደርስ የሁለት ዓመት ማራዘሚያ ጠየቁ፤ የመጨረሻ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ለመጨረስ የቀራት ያ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን ግን ለሁሉ ነገር መላ አያጣም። ለሠራተኛው ብቻ የሚሆን፣ ፌስቡክ የሚመስል ገጽ አስከፍቶ ነበር።

"የሚያውቁትን እዚያ ይጻፉልን፣ ጋሼ። ሰዉ ካልገባው እናራዝምልዎታለን።"

"መግባቱን በምን ታውቁታላችሁ?"

"ከጽሑፉ ሥር በሚጫነው አውራ ጣት ነዋ!"

ሌላ ሰው ቢሆን ግማሹን ይደብቅ ነበር። እሳቸው መደበቅ አይሆንላቸውም። በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ ሃያ ስድስት ጽሑፍ ጻፉ፤ የትኛው ቫልቭ እንደሚያስቸግር፣ ውሃው ሲጎድል ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ምኑ ቅጡ።

እኛ ጋ ደግሞ የቆየ ልማድ አለ። የውስጥ ማስታወሻ ሲዞር ጀርባው ላይ "አይቻለሁ" ብለን እንፈርማለን፤ ማንበብ የሥራ ዝርዝራችን ውስጥ የለም። ገጹ ሲመጣ ፊርማው ወደ አውራ ጣት ተዛወረ፣ በቃ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ስልሳ ሦስት አውራ ጣት አገኘ፤ አንድ ሰው ሳይቀር ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ በደስታ የሚሆነውን አጣ።

ጋሼ ጠረጠሩ። አንድ ማክሰኞ "ግፊቱ ከሰባት ሲያልፍ በላይኛው ቫልቭ አራት ማንኪያ ስኳር ይጨመር" ብለው ለጠፉ። ስልሳ ሦስት አውራ ጣት። ሥራ አስኪያጁ ከሥሩ "ግሩም ትምህርት!" ብሎ ጨመረበት።

ስልካቸውን ይዘው ቢሮው ገቡ። እኔ የአንሶላ መጠየቂያ ላስፈርም እዚያው ቆሜ ነበር።

"ኧረ ለመሆኑ፣ ስኳር ቦይለር ውስጥ ይገባል?"

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቀላ። ግን ወዲያው ነፍስ ዘራ። "ታዲያ ማረሚያ ይጻፉበታ!"

ጻፉ። ስልሳ ሦስት።

አርብ ጠዋት ገጹ ላይ አንድ ደብዳቤ ወጣ። የትራስ ልብስ እየቆጠርኩ ስለነበር በሌላው እጄ አውራ ጣቱን ተጫንኩና አለፍኩ። ያነበብኩት ከምሳ በኋላ ነው፦ እውቀታቸው ሙሉ በሙሉ ስለተላለፈ ጋሽ እንፋሎት ከሰኞ ጀምሮ በጡረታ ይሰናበታሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እየሮጥኩ ቦይለር ክፍል ወረድኩ። ቱታቸውን እያጣጠፉ ነበር።

"ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ሳላነበው ነው እኮ የተጫንኩት!"

"አውቃለሁ ልጄ" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። "ግን አንብባ የመጣች የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።"