የኢሳኪ መፍቻ ያረፈበት ቀን

ኢሳኪሙቱን የማያውቅ የለም። እኛ መንደር ማለቴ ነው። ከወንዙ ማዶም ያውቁታል፤ ጎህ ሲቀድ በሞተሩ፣ ምግብ የሚቀርብበትን የሙዝ ቅጠል ጭኖ ወደ አምባሳሙድራም ከተማ ምግብ ቤቶች የሚሄደው እሱ ነዋ። ቅጠሉ ከኋላው ስለሚቆለል ከሩቅ ስታዩት ሰው አይመስልም። መንገድ የለመደ የሙዝ ተክል ብቻውን የሚሄድ ነው የሚመስለው። እኔ ከቤታቸው ፊት ለፊት ነው የምኖረው። ስለዚህ የምነግራችሁን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ በመስኮት ሰምቼዋለሁ።

ኢሳኪ አንኔ ነው የምንለው፤ አንኔ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ጺሙ ከሱ ይወፍራል። ጥሩ ሰው ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፣ ሞተሩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ነክቷት አያውቅም። ዘይቷን ራሱ፣ ደጁ ላይ፣ ኒሟ ዛፍ ሥር ነው የሚቀይረው። ሌላ ሰው ዘይት ሲቀይር ብሎኑን ይፈታል፣ ያፈሳል፣ ይዘጋል፣ አለቀ። ኢሳኪ አንኔ ግን የመጨረሻዋን ጠብታ ይጠብቃል! ወደ ግራ ያዘነብላታል፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላታል፣ ጡት ጠብቶ እንደጠገበ ሕፃን መታ መታ ያደርጋታል። «በሁለት ጠብታ መሃል መቶ ካልቆጠርክ አላለቀም» ይላል። እኔም ሞተር ነፍሴ ስለሆነ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው እቆጥራለሁ። ዘጠና ላይ ጠብ ስትል ሁለታችንም እንናደዳለን።

ሰንበጋምን ሊያጭ የሄደ ጊዜ እናቷ ፔቺያማል «ልጁ ምን አለው?» ብላ ጠየቀች አሉ። እሱ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ስለ ሞተሩ ማውራት ጀመረ። ስለ ፊልትሮዋ፣ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀየር፣ ሁሉንም። ፔቺያማል ሰምታ ሰምታ ወደ ልጇ ዞር አለችና «ይሄ ሰውዬ ሚስት አለችው» አለች። ይኸው አግብቷት አሥር ዓመት ሆነ። ፔቺያማልም ባሏ ከሞተ ወዲህ እነሱ ጋ ነው የምትኖረው። ሰባ ዓመቷ ነው፣ ክብደቷ ከአንድ ጆንያ ሩዝ አይበልጥም፣ ቤቱን የምታስተዳድረው ግን እሷ ናት። በኛ አገር አማት አማቿን «ማፒሌ» እያለች በአንቱታ ነው የምታናግረው። ስትሰድበውም አንቱ ብላ ነው። እሱም «አተይ» ብሎ በአንቱታ ይመልሳል። የነሱን ጠብ ስትሰሙ ሁለት ሚኒስትሮች የተጣሉ ነው የሚመስላችሁ።

እንግዲህ የመሣሪያ በዓል ደረሰ። ያን ቀን ማጭዱም፣ መዶሻውም፣ የስፌት መኪናውም፣ የወጥ ቤቱ ቢላም ታጥቦ፣ ቀይ ዱቄት ተነጥቦለት ቤት ውስጥ በተሰቀለው የሴት አምላካችን ሥዕል ፊት ይቀመጣል። አንዴ ከተቀመጠ እስከ ማግስቱ ጠዋት ማንም አይነካውም። ዓመት ሙሉ ሠርቷል፣ አንድ ቀን ይረፍ ነው። ሞተርና ባጃጅ ግን አበባ ካጠለቁ በኋላ ይነዳሉ።

ኢሳኪ አንኔ ታዲያ «ሞተሬን በአሮጌ ዘይት አምላክ ፊት አላቆማትም» አለ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጎኑ የተቀደደ ጀሪካን ከሥሯ አጋድሞ፣ በአሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ የታች ብሎኗን ፈታ። ዘይቱ ጥቁር ሆኖ ወረደ። ጎኗ ላይ ያለችውን ክዳን ፈትቶ አሮጌውን ፊልትሮ አወጣ። አዲሱን ከካርቶኑ ሲያወጣው ግን ያጥራል! የሌላ ሞተር ፊልትሮ ነው የሰጡት። ሌላ ሰው ቢሆን ይሳደብ ነበር፤ እሱ ደስ አለው።

«ሱዳላይ፣ ሞተርህን አስነሳ። ቀይረን እስክንመጣ እሷ ትንጠባጠብ» አለኝ።

መለዋወጫ ሱቁ ጋ ስንደርስ ባለቤቱ ፊልትሮውን ወዲያው ቀየረልን፣ ግን «ዱባው ሳይሰበር አትሄዱም» ብሎ አስቀረን። በበዓሉ ደጅ ላይ ዱባ ይከሰከሳል፤ ክፉውን ነገር ይዞ ይሄዳል ይባላል። የሩዝ ፈንዲሻና ሽምብራ እየቃምን ጠበቅን። ስንመለስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ኒሟ ሥር ሞተሯ ሆዷ ተከፍቶ ቆማለች። መፍቻዎቹ የሉም።

የት እንዳሉ ገመታችሁ አይደል? አምላኳ ፊት፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ በቁመት ተሰልፈው፣ እያንዳንዳቸው ግንባራቸው ላይ ቀይ ነጥብ አድርገው።

«አተይ፣ አሥራ ሰባት ቁጥሯን ብቻ» አለ ኢሳኪ አንኔ ድምፁን አለስልሶ።

ፔቺያማል አበባ እየጎነጎነች ቀና እንኳን አላለችም። «ማፒሌ፣ ዓመት ሙሉ ሲያጣምሟት የኖሩትን መፍቻ አንድ ቀን ቢያሳርፏት ምን ይሆናሉ?»

«ሞተሯ ክፍት ናት እኮ!»

«ትረፍ። እሷም ሠርታለች።»

«ቅጠል አለብኝ!»

«ቅጠሉ ነገ ነው፣ መፍቻውም ነገ ጠዋት ይነሳል። ደግሞ ዛሬ ምን አስቸኮለዎ? ለአንድ ጠብታ ግማሽ ቀን የሚጠብቁ ሰው ነዎት። ይኸው ጊዜ አገኙ፣ ተዝናንተው ይጠብቁ።»

ሰንበጋም ወጥ ቤት ሆና የሳቀችው ሳቅ ደጅ ላይ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። አንኔ ወጥቶ ሞተሩ አጠገብ ቁጭ አለ። ቅጠሉ አንድ ቀን ቢያመልጠው የሚሞት ሰው አልነበረም። ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም አላወራችሁም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። የጎመቲ ባል ነው። ጎመቲ የፔቺያማል ትንሿ ልጅ ናት፤ ካገባች ስምንት ዓመቷ ነው፣ ገና አሁን ነው ያረገዘችው። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያመጧት ቀን ተቆርጦ ነበር። ልጁ ግን ቀን ተቆርጦልኛል ብሎ አልጠበቀም፣ በሦስት ሳምንት ቀድሞ መጣ። ምጥ ይዟት አምባሳሙድራም ሆስፒታል ገብታለች። ባልየው «እናቴን አምጡልኝ እያለች ነው፣ ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም» አለ።

ፔቺያማል አበባውን ከጭኗ ላይ ጣለች። እስከ ሆስፒታሉ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው። የመንደራችን ሁለት ባጃጆች አበባቸውን አጥልቀው ከተማ ለበዓል ሄደዋል። አውቶቡስ የሚመጣው ሲመሽ ነው።

«አያቴ፣ እኔ አደርስሻለሁ!» አልኩ። ሞተሬ የወጣት ሞተር ናት፤ የኋላ መቀመጫዋ ሽቅብ የተሰቀለ ነው። ፔቺያማል ዞራ አየቻት፣ እኔን አየችኝ።

«ይሄ መቀመጫ ነው ወይስ የቤት ጣሪያ? እዚህ ላይ ወጥቼ ቁራ ላባርር ነው? ልጄ፣ ከዚህ ከወደቅኩ ሆስፒታል የምደርሰው ተኝቼ ነው።»

እውነቷን ነው። በሳሪ፣ በጎን ተቀምጣ፣ መያዣ በሌለው ነገር ላይ አይሆንም። የኢሳኪ አንኔ ሞተር ግን መቀመጫዋ እንደ አልጋ ሰፊ ነው፣ ከኋላም የቅጠል መጫኛ ብረት አላት። የሚቀረው ፊልትሮውን ከቶ፣ ብሎኖቹን አጥብቆ፣ ዘይት መሙላት ብቻ ነው። አንኔ እጁን ወደ መፍቻዎቹ ዘረጋ።

«ማፒሌ! እጅዎን!»

«አተይ፣ ልጅዎ እኮ ናት...»

«ልጄን ዛሬ የሚያዋልዳት ማን ነው? እሷ አይደለችም?» ወደ አምላኳ ሥዕል ጠቆመች። «ጠዋት መሣሪያው ይረፍ ብዬ ሰጥቼያት፣ አሁን ልቀማት? በልጄ ምጥ ሰዓት?»

ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። «እረፍት የተሰጠው ለሠራ ነው» አለች። «ያልሠራ ምን ያርፋል? እዚህ ቤት ውስጥ ሥራ ነክቶ የማያውቅ ነገር ፈልጉ!»

ምን እንደነካን እንጃ፣ ሁላችንም ወደ ኢሳኪ አንኔ አየን።

«ምን ታዩኛላችሁ?»

«ማን ምን አለ?» አለች ሰንበጋም አፏን በሳሪዋ ጫፍ ሸፍና።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። «አንኔ! ከሞተሯ ጋር የመጣው ዕቃ! ከመቀመጫው ሥር ያለው!»

ፊቱ ጠቆረ። «እሱ መፍቻ ነው? እሱ እኮ ቆርቆሮ ነው! ብሎኔን ያበላሽብኛል!»

«ሠርቶ ያውቃል?» አለች ፔቺያማል።

«በጭራሽ! ከላስቲኩ ወጥቶም አያውቅም።»

«ስንት ዓመቱ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ! አምጡት ይሄን ባለጌ።»

መቀመጫውን አነሳነው። ላስቲኩ ደርቆ በእጄ ተሰባበረ። ውስጡ ሁለት ስስ መፍቻና አንድ ካቻቢቴ አለ፣ የፋብሪካው ግራሶ ገና አልለቀቃቸውም። ፔቺያማል ተቀብላ ግንባሯ ላይ አስነካቻቸውና «ለከርሞ ከታላላቆቻችሁ ጋር ትሰለፋላችሁ፤ አሁን ሥሩ» አለቻቸው።

ፊልትሮው ገባ፣ ክዳኑ ገጠመ። ወደ ታች ብሎን ሲደርስ አንኔ ቀጥ አለ። «ሮንዴላዋስ?» ያቺ ከብሎኑ ሥር የምትገባው የመዳብ ቀለበት የለችም። ያለ እሷ ዘይቱ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ስናይ ጠዋት ከዘይቱ ጋር ጀሪካኑ ውስጥ ወድቃለች። በጀሪካኑ ቀዳዳ የሱ እጅ አልገባ አለ። የኔም አልገባም። ዘይቱን ልድፋው ስል «ለበዓል የጠረግኩትን ደጄን አታጥቁር!» ብላ ሰንበጋም ጮኸች። ፔቺያማል ጀሪካኑ ጋ ሄደች። ቁጢጥ አለች፣ አምባሮቿን ወደ ክንዷ ገፋች፣ እጇን እስከ አንጓዋ ጥቁሩ ዘይት ውስጥ ነከረች።

እኔ ሞኙ ደግሞ «አያቴ፣ ዛሬ እጅ አያርፍም እንዴ?» አልኳት።

«የኔ እጅ ከንጋት ጀምሮ ለእናንተ ሲያበስል ማን እረፍ አለው?» አለችኝ እየዳበሰች። ከዚያ ሮንዴላዋን ይዛ ወጣች።

አንኔ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። መፍቻዋ ጎበጠች። እውነቴን ነው፣ እያየን ጎበጠች! እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሩብ ዙር ጨመረ። ያዘ። ከዚያ አዲሱን ዘይት፣ ማር የመሰለውን፣ በቀስታ ማውረድ ያዘ።

«ግልብጥ ያድርጉት እንጂ!»

«አተይ፣ ዘይት በራሱ ጊዜ ነው የሚወርደው።»

«ልጅም በራሱ ጊዜ ነው የሚወርደው! እንደርሳለን ወይስ አንደርስም?»

ሞተሯ በሦስተኛው እርግጫ ተነሳች። ይሄ ሁሉ ጥድፊያ እያለ ፔቺያማል መንገድ ላይ ክፉ እንዳያገኝ በጎማ የሚጨፈለቁትን የበዓል ሎሚዎች አልዘነጋችም፤ ከፊትና ከኋላ ጎማው ሥር አንድ አንድ አስቀመጠች፣ ጎማው ጨፈለቃቸው፣ ወጡ። ሰንበጋም ጣሪያዬ ላይ፣ የኔ ሞተር ላይ ማለቴ ነው፣ ወጣች፣ እኛም ተከተልን።

ገና ድልድዩ ጋ ስንደርስ አንኔ አቆመ። ወርዶ ከሞተሯ ሥር ተንበረከከ።

«ምን ጠፋብዎ ማፒሌ?»

«ጠብታ እያየሁ ነው።»

«አገኙ?»

«የለም።»

«ታዲያ የሌለ ነገር ነው የሚፈልጉት? ይንዱ!»

ጡብ ፋብሪካው ጋ ደግሞ አቆመ። የለም። ሩዝ ወፍጮው ጋ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያቆም ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ ፔቺያማል በመዳፏ ጀርባውን ጧ አደረገችው። በአሥር ዓመት ውስጥ አማቱ ነክታው አታውቅም። ሰውዬው ደንግጦ ነዳ! እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም፣ እኔ በወጣት ሞተሬ ልደርስበት አልቻልኩም። ነጭ ሸሚዙ ላይ አምስት ጣት ጥቁር ሆኖ ይታየኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ጋ ፔቺያማል ሞተሯ ሳትቆም ወረደች። ማዋለጃው በር ላይ ነርሷ እጇን አይታ «እማማ! ይሄ ምንድን ነው? በዚህ እጅ አይገባም!» አለቻት። ፔቺያማል ቧንቧው ጋ ሄዳ በሳሙና ታጠበች። ደገመች። ሰለሰች። ዘይቱ ከጥፍሯ ሥርና ከጣቷ መስመር አልወጣ አለ። ከውስጥ ጩኸት ተሰማ።

«ጎመቲ! መጥቻለሁ! እዚህ ነኝ!» አለች በሩን ተደግፋ።

«እማ! የት ቆይተሽ ነው?»

«እህትሽን ያገባውን ሰውዬ ጠይቂው!»

ነርሷ ሳቋ መጣ መሰለኝ፣ ጓንት አጥልቃላት አስገባቻት። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ የሕፃን ድምፅ ሰማን። ሴት ናት። ሰንበጋም እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ አንኔ ደግሞ ግድግዳ እያየ አፍንጫውን ጠረገ።

ቆይቶ በሩ ሲከፈት ፔቺያማል ሕፃኗን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጓንቱ የለም። የሕፃኗ ጉንጭ ላይ፣ እኛ አገር ከዓይን እንዲጠብቅ ለልጅ የሚቀባው ጥቁር ነጥብ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ጥቁር አለ።

ነርሷ ጮኸች። «እማማ! ምን ቀባሻት?»

«እኔ ምን ቀባሁ? ጉንጯን ዳሰስኩ እንጂ» አለች ፔቺያማል።

አንኔ ጠጋ ብሎ አጎንብሶ በጥሞና መረመረው። «የኛው ዘይት ነው» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

ነርሷ በጥጥ ጠርጋ አነሳችው፣ ሁላችንንም በተራ ገላመጠችንና ጥጡን ልትጥል ዞረች። እሷ ዞር ስትል ፔቺያማል አውራ ጣቷን አየች፣ ገና ጥቁር ነው። ቀስ ብላ እዚያው ጉንጭ ላይ ነካ አደረገቻት።