ስኮትላንድን ያስተዳደርኩበት ሌሊት

“እኔ ስኮትላንድን አንድ ሙሉ ሌሊት አስተዳድሬያለሁ!”

ባለፈው ቅዳሜ አፕታውን ኦክላንድ ምሳ ስንበላ፣ ወጣቶቹ ስለ ምርጫ ሲነታረኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ ይህን ተናገርኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ስኮትላንድን ግን በአውሮፕላን መስኮት እንኳ አይቻት አላውቅም።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። ዲቪ ደርሶኝ በመጣሁ በዓመቱ፣ ኤል ሴሪቶ ኮረብታው ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ስኮትላንዳዊ አዛውንት እጦር ነበር። ጋሽ ሂዩ እላቸዋለሁ፤ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አፌ እምቢ አለ። ጠዋት ቅቤም በርበሬም ያልነካው የአጃ ገንፎ እሠራላቸዋለሁ፤ እሳቸው ስለ ፓርቲያቸው ያወሩኛል። በጉብዝናቸው ዘመን የስኮትላንድ መራጭ ግማሹ የእነሱ ነበር። ኋላ እንደ አሮጌ ጋቢ እየሳሳ ሄደ። ታናሽ ወንድማቸው ወደ ተቃዋሚው ፓርቲ ገቡና ተኳረፉ። በመጨረሻ በደብዳቤ ተስማሙ፦ በመጪው ምርጫ ስኮትላንድ ውስጥ ፓርቲው የተሸነፈበት ቀድሞ ይደውል፣ ኩርፊያውም ይብቃ።

ውጤቱን ከሬዲዮ የሰማሁት ፈረቃዬ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ጋሽ ሂዩ ሸለብ አድርጓቸዋል። ፓርቲያቸው በመላው ስኮትላንድ አንድም ወንበር አላገኘም። አንድም! ሳን ፓብሎ አብራኝ ለምትኖረው ለእትዬ አስካለ ደውዬ ነገርኳት።

“አንተ! መርዶ ማታ ይነገራል እንዴ? ነገ በጠዋት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ።”

ጋሽ ሂዩ ነቁ። “እንዴት ሆነ?”

“እየመራችሁ ነው።” በዚህች ቃል ስኮትላንድን እስኪነጋ እኔ ገዛኋት።

ክራቫታቸውን አስረው ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። “አሁን ይደውላል። ልጅ ሆኖም መሸነፍ አይችልበትም” አሉ።

ጠዋት ስንደርስ እዚያው ናቸው፣ ክራቫቱም አልተፈታም። እትዬ አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትላ ገባች። ጋሽ ሂዩ ሲያዩን ፊታቸው ነጣ።

“ወንድሜ ሞተ?”

“ኧረ አልሞቱም! ፓርቲዎ ነው።”

“ስንት ወንበር?”

“ምንም።”

አልተቆጡም፤ ደክሟቸው ነበር። የወንድማቸውን ስልክ ቁጥር ቀስ ብለው መቱ። ወንድምየው “ሌሊቱን ሙሉ ጠብቄሃለሁ፤ ኩራትህ አይለቅህም” ብለው ጆሯቸው ላይ ዘጉ። ደግመን ብንደውል አያነሡም።

“ደብቀውኝ ነው ይበሏቸው” አልኩ።

“የአገር ምርጫ ተደበቀብኝ ብል ማን ያምነኛል?” አሉና ክራቫታቸውን ፈቱ።

ፓርቲ ወድቆ ይነሣል። እነዚያ ወንድማማቾች ግን ሳይነጋገሩ ተራ በተራ አለፉ።

ታሪኩን ባወራሁ ቁጥር ጥፋቱን ለባህላችን አሸክማለሁ፤ ባህል መልስ አይሰጥማ። እውነቱ ግን ለእትዬ አስካለ የደወልኩት ዋሽቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ኦክላንድ ከአንዲት ልጅ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ፤ ሽማግሌው ካዘኑ እዚያው ያሳድሩኛል ብዬ ፈርቼ ነው የዋሸሁት።