ቀዩ ጎረቤት

በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራ ሰው ነበር፤ ስሙ ከደመወዝ መዝገብ ውጭ የትም አይነሳም። እጁ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚያወጣ አለቃውም፣ ዘበኛውም፣ በኋላ በኋላ ሚስቱ ሳትቀር «መስመር» ይሉታል። አንድ ወንዝ ከቦታው የፀጉር ውፍረት ያህል ፈቀቅ ካለበት ምሳ አይበላም። «ወንዝ ያለ ቦታው ካሰመርክ የሚጠማው ሰው ነው» ይላል፣ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ሳይለይለት።

እንዲህ ያለው ጠንቃቃ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ግድ የለሽ ሆነ። ልጁ አራት ዓመቷ ሳለ ለትምህርት ቤቶች የግድግዳ ካርታ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ትምህርት ሊከፈት የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። የራሳችንን አገር በፈዛዛ ቢጫ ከቀባ በኋላ ለጎረቤቱ የሚሆን ቀለም ፍለጋ ዕቃ ግምጃ ቤት ቢወርድ፣ የተረፈው ቀይ ብቻ ሆነ። አለቃውን ጠየቀው።

«ለጎረቤት ደግሞ ቀለም ይመረጥለታል እንዴ? ቀባው በቃ» አለው።

ቀባው። የባቡር ሐዲድ በምን፣ ሆስፒታል በምን ምልክት እንደተመለከተ የሚያስረዳውን ነጭ የምልክት መግለጫም እዚያው ቀዩ ላይ፣ ታች ጥጉ ጋ አሰፈረው። ከመግለጫው ሥር ሦስት አራት መንደሮች ተሸፈኑ። የሰው አገር መንደር ማን ይፈልገዋል ብሎ ነው።

ያ ካርታ ሃያ ዓመት በየክፍሉም፣ በመስመር ሳሎንም ተሰቀለ። ቢጫዋ አገራችን መሃል ላይ አንገቷን ደፍታ፣ ቀዩ ከጎኗ አፉን ከፍቶ። መምህራን «ድሮ ትልቅ ነበርን፣ ቆራርሰውን ነው እንጂ» ሲሉ ዘንጋቸው የሚያርፈው ቀዩ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ቀዩ አገር ከኛ የባሰ ድሃ ነው፤ ጦሩም ከኛ ያንሳል። ግን ልብ ካላየ ዓይን አያይም። የፈራ ሕዝብ ደግሞ «ፈራሁ» አይልም፤ «ተናቅሁ» ነው የሚለው። ይህቺ ቃል ከሻይ ቤት ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ምክር ቤት ወጣችና አንድ ቀን ጦሩ ድንበር ተሻገረ። «ሳይቀድሙን ቀደምናቸው» ተባለ። ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ይህን ሲያበስር ከኋላው የተሰቀለው የመስመር ካርታ ነበር። ሚስቱ ጎረቤት ጠርታ አሳየች። መስመርም፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለው።

ልጁ ነርስ ሆናለች። በዚያው ሳምንት ከሥራ ስትመለስ ሳሎኑ መሃል ቆማ፣ «አባዬ፣ ተመዝግቤያለሁ። ከሕክምና ቡድኑ ጋር እሄዳለሁ» አለችው።

እናቷ ያለችበት ወንበር ላይ ድርቅ አለች።

«ማን አስገደደሽ?» አለ መስመር።

«ማንም።» በአገጯ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ አመለከተች። «አልጋዬ እዚህ ሳሎን በነበረ ጊዜ ለዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ መተኛት አልችልም ነበር፤ ታስታውሳለህ? ሊውጠን የመጣ ይመስለኛል። ዛሬም እንደዛው ነው። እንደፈራሁ ከማረጅ ሄጄ ብገላገል ይሻለኛል።»

መስመር አፉን ከፈተ። ልጄ፣ ሌላ ቀለም አጥተን እኮ ነው ሊላት ነበር። ሚኒስትር ከፊቱ ቆሞ የተናገረበትን ካርታ በገዛ አፉ ማቃለሉ ግን አሳፈረው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። እሷ ዝምታውን እንደ ምርቃት ቆጠረችለት፤ በሦስተኛው ቀን ሄደች።

ከዚያ ወዲያ እናቷ ጠዋት ጠዋት ካርታው ፊት ትቆማለች። «አሁን የት ናት?» ትለዋለች። እሱም ቀዩ ላይ ጣቱን በደፈናው ያሳርፋል። እሷም ያን ቦታ በመዳፏ ዳበስ አድርጋ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

በሁለተኛው ወር ልጅቷ መሥሪያ ቤት ደወለችለት።

«አባዬ፣ ሰዎቹ ይፈሩናል እኮ» አለች፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ። «አንዲት እናት ቁስሏን ሳጥብላት ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። እዚህ ትምህርት ቤት ያለው ካርታ ላይ እኛ ምን እንደሆንን ታውቃለህ? ጥቁር ነን።»

መስመር ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለም። «ልጄ፣ ያኔ ቀይ የቀባሁት ሌላ ቀለም ስላለቀ ነው። ግምጃ ቤት የተረፈው እሱ ብቻ ነበር።»

ሳቀች፤ ሳቁ ውስጥ ግን እንባ ነበረበት። «ቀለም አልቆ» አለች። «እሺ፣ አባዬ። ስመጣ አረንጓዴ እንቀባዋለን። አብረን።»

«አሁን የት ነሽ?»

መንደሯን ልትነግረው ስትል ስልኩ ተቋረጠ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእጅ ወለምታ ደግሞ በሃያ ዓመቱም ያማል። መስመር በማግስቱ አንድ ጠርሙስ አረንጓዴ ቀለምና ሁለት ብሩሽ ገዝቶ ካርታው ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። ሚስቱ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «የልጅቷ ነው፤ እስክትመጣ እንዳትነኪው» አላት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንድ መኮንን ቆቡን በእጁ ይዞ በራቸው ላይ ቆመ። እናቲቱ ገና ቆቡን ስታይ ገባት። የሕክምናው ድንኳን ተመትቷል አለ። ቀብሯ እዚያው ነው፤ ማምጣት አልተቻለም አለ። ከያዘው ወረቀት ላይ የመንደሯን ስም አነበበላቸው።

እናቲቱ አልጮኸችም። ተነስታ መስመርን በእጅጌው ይዛ ካርታው ፊት አቆመችው። «አሳየኝ» አለችው። «ዛሬ በደፈናው አይደለም።»

መስመር ስሙን ያውቀዋል። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ከመሸፈኑ በፊት፣ አንብቦታል። ጣቱ ቀዩን ይዞ ወደ ታች ወረደ፤ ጥጉ ጋ ደርሶ ነጩ መግለጫ ላይ፣ ከሆስፒታሉ ምልክት አጠገብ ቆመ።

«እዚህማ ጽሑፍ ነው ያለው» አለች።

«ከሥሩ ናት» አለ። «መንደሯ ከሥሩ ነበረች። እኔ ነኝ የሸፈንኳት።»

እናቲቱ ጣቱን ከዚያ ላይ አነሳችና ነጩን ወረቀት በጥፍሯ ትፍቀው ጀመር። መኮንኑ ወደ መሬት አቀርቅሯል። ወረቀቱ ቀስ በቀስ ተላጠ፤ ከሥሩ የቤታቸው ግድግዳ ነበር።