የወይንሸት ኦርኪድ

ልጅ እያለሁ፣ የልደታ ኮንዶሚኒየም ገና ሳይሠራ፣ እኛና አጎቴ ተሾመ እዚያው ቦታ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ እንኖር ነበር። ተሾመ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከቦንጋ ቡና የሚጭን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሚስት ይዞ መጣ። ወይንሸት ትባላለች። ከመኪናው ስትወርድ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዛ ነበር። ቅርንጫፉ ላይ ወፈር ያሉ ቅጠሎች ያሏት ትንሽ ተክል ተጣብቃለች፤ ሥሮቿ እንደ ነጭ ገመድ ቅርፊቱን አቅፈውታል። እኛ ልጆች ማገዶ ያመጣች መስሎን ሳቅን።

አባቷ ከመሞታቸው በፊት ከጓሯቸው የቡና ጥላ ዛፍ ላይ ቆርጠው የሰጧት ነች። ኤራንጊስ የሚባል፣ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ የኦርኪድ አበባ ዓይነት መሆኗን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ወይንሸት ዝምተኛ ነበረች። ተሾመ መንገድ ሲወጣ በሯን ዘግታ ትውላለች። እናቴ ኩራት መሰላትና፣ «እኛን ንቃን ነው እንጂ ምን ሆና ነው?» ትል ነበር።

ለአባቷ ሙት ዓመት ወደ ቦንጋ በሄደች ጊዜ እናቴ ደግ የሠራች መስሏት ተክሏን ከቅርንጫፉ አላቀቀቻት። እንደ ጽጌረዳዎቿ በዘይት ጣሳ ጥቁር አፈርና ፍግ ሞልታ ተከለቻት፤ ጠዋት ማታም ውሃ አጠጣቻት። ቅጠሎቹ ቢጫ እየሆኑ ሲመጡ ውሃ ያነሳት መስሏት ጨመረችላት።

ወይንሸት ተመልሳ ጣሳውን ስታይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ አፈር አትወድም» አለች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። «አባቴ በእጁ የሰጠኝ እሷን ብቻ ነው።»

«እኔማ እንድታድግልሽ ብዬ ነበር» አለች እናቴ፣ በቆመችበት ደርቃ።

በዚያው ሰሞን ወይንሸት ተሾመን «አገሬ መልሰኝ» ስትለው በጋራ ግድግዳችን በኩል ሰማን። እናቴ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች፤ ጣሳውን አንስታ ሄደችና በራቸውን አንኳኳች።

«ተነሺ በይ። ምን ይደረግ? አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እሠራለሁ።»

ወይንሸት መጀመሪያ «በቃ፣ ተዉት» አለቻት። እናቴ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። ኋላ ሁለቱም የግቢው ቧንቧ አጠገብ ተቀመጡ። አፈሩን አጠቡላት፤ የበሰበሱትን ሥሮች በምላጭ ቆርጠው የተቆረጠበት ላይ የከሰል ዱቄት ነሰነሱበት። ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን ካሰነበቷት በኋላ ተሾመ ከአብነት ሰፈር አናጢዎች ቅርፊቱ ያልተላጠ እንጨት አመጣ፤ በእናቴ አሮጌ ስቶኪንግ ላላ አድርገው እሱ ላይ አሰሯት።

«የልደታ አየር ይደርቅባታል» አለች ወይንሸት። ስለዚህ ልብስ ከሚታጠብበት ቧንቧ አጠገብ፣ ካለው የኮክ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሏት፤ እዚያ እርጥበት አለ፣ ፀሐዩም በቅጠል ተጣርቶ ነው የሚደርሳት።

«ሥሯ ሲነጣ ጠምቷታል፤ ሲረጥብ አረንጓዴ ይሆናል። ጠዋት ይርጩላት። ማታ ግን እርጥብ ሆና እንዳታድር፣ ብርዱ ይገድላታል።»

እናቴ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ሥሩን ታይ ጀመር። ወይንሸትም ልብሷን ከእኛ ጋር ማጠብ ጀመረች። አረፋው ላይ ጎንበስ ብለው ሳለ ወይንሸት ስለ አባቷ ታወራላታለች፤ እናቴም ለእኛ ነግራን የማታውቀውን፣ አራስ ቤት የሞተባትን ልጅ ስትነግራት ሰማሁ። የተክሏ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ተስፋ አልነበረውም፤ አንድ ቅጠል ብቻ ቀርቷት ነበር።

በበልግ ዝናብ ጊዜ ወይንሸት ከቧንቧው ዘንድ ጮኸች፦ «እትዬ! ኑ እዩልኝ!» እናቴ እጇ ሳሙና እንደለበሰ ሮጠች። ከተክሏ ግርጌ ጫፉ አረንጓዴ የሆነ፣ ጥፍር የሚያህል አዲስ ሥር ወጥቷል። ሁለቱም ተቃቅፈው ሳቁ። ስለ መመለስ ከዚያ ወዲያ ሲወራ አልሰማሁም።

ተክሏ ስታብብ ወይንሸት የመጀመሪያ ልጇን አዝላ ነበር። አበቦቹ ነጭ ናቸው፤ ከኋላቸው ረጅም ቀጭን ጭራ አላቸው። ቀን ምንም አይሸቱም። ሲመሽ ግን ጎረቤቱ ሽቶ የፈሰሰ መስሎት በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግግ ነበር።

ሰፈሩ ሲፈርስ እኛ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ወይንሸትና ተሾመ ከከተማው ጫፍ ነፋሻ ፎቅ ላይ ወጡ። «እዚያ ትደርቅብኛለች፣ እርስዎ ጋ ትቅር» ብላ ተክሏን ለእናቴ ተወችላት። ዛሬ ሰሜን በሚያየው በረንዳችን ላይ ተሰቅላ፣ ሥሯ እንጨቱን ጠቅልሎታል። ድሮ ግድግዳ መምታት ይበቃ ነበር፤ አሁን ወይንሸት እኛ ጋ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትይዛለች።

የእናቴ ዓይን ደክሟል፤ ሥሩ ነጭ ይሁን አረንጓዴ የምነግራት እኔ ነኝ። ማበቧን ግን ከእኔ ቀድማ የምታውቀው እሷ ነች። ዘንድሮም ምሽት ላይ መዓዛው ሲደርሳት ወንበሯ ላይ ቀና አለችና ስልኩን አስደወለችኝ።

«ወይንሸት፣ አባትሽ መጥተዋል፤ ነይ» አለች።