የእትዬ ጥሩወርቅ የስለት ሥዕል

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ በስልኳ ፎቶ ልታነሣኝ ፈልጋ፣ «አባባ፣ ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያዙሩት፤ በጎን ያምርብዎታል» አለችኝ። አሻፈረኝ አልኩ። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ሳቄ መጣ፤ የአምበሩ ክረምት ትዝ አለኝ።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሥዕል ተምሬ ለዕረፍት ወደ አገሬ ገባሁ። አምበር ከተማ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ ስሄድ፣ ከተሜነቴን ላሳይበት ያደረግሁትን ጫማ ጭቃው ሁለት ጊዜ አስቀርቶብኛል።

አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ሥዕል ሥራ መሆኑ አልዋጥላቸው ብሎ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ልጃቸው ከሕመም ቢድን ለደብራችን የማርያምን ሥዕል ሊሰጡ ተስለው ኖሮ፣ ልጁ ስለዳነ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። አባቴም ቁርጡን ነገሩኝ።

«ደብሩ ከተቀበለህ ወደ ትምህርትህ ትመለሳለህ። ካልተቀበለህ እርፍ ትጨብጣለህ።»

ሐምሌን ሙሉ ስሠራ ከርሜ ፍልሰታ ገባ። ድንች በአዋዜ፣ አንዳንዴም የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየበላሁ እመቤታችንን ጨረስኩ። ስለት ሰጪዋ ከግርጌ ተንበርክካ መሣሏ የአገር ወግ ነው። እዚህ ላይ ቸገረኝ። የእትዬ ጥሩወርቅን ግራ ዓይን በልጅነታቸው ፈንጣጣ አጥፍቶታል። ማን ደፍሮ ይሥለዋል? ትምህርት ቤት በለመድኩት ብልሃት ወደ ጎን አዞርኳቸውና ደህናው ዓይን ብቻ ታየ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በጨዋነቴ ኮርቼ ነበር።

የጾሙ ፍቺ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሸማው ከሥዕሉ ላይ ሲነሣ፣ እልል ሊል የተዘጋጀው ሕዝብ ማንሾካሾክ ጀመረ። ቄሰ ገበዙ ጠጋ ብለው አዩና አማተቡ።

«አንተ! ሴትዮዋን ከማን ጋር ቆጠርካቸው? በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ጭፍራው አይደለም እንዴ?»

ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያየሁት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በጎን በአንድ ዓይኑ። በሁለት ዓመት ከተሜነት እንዴት ይረሳል? አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ሥዕሉን ተጠግተው ብዙ አዩት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ተዉት አባ፣ ልጁን አይቆጡብኝ። ዓይኔን ሊሸሽግልኝ ብሎ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አዬ ልጄ! እመቤቴ አታውቀውም ብለህ ነው? ይልቅ ፊቴን መልስልኝ።»

«የግራውን ዓይን እንዴት ላድርገው እትዬ?»

«ክፈተዋ! እዚህ ነው እንጂ የጠፋው፣ እዚያማ በሁለቱም ነው የማያት።»

ቄሰ ገበዙም ሳቁ። በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን አርሜ አመጣሁና ተቀበሉኝ። እልልታው ሲቀልጥ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል ተነፈስኩ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ «ትምህርቱ መቼ ነው የሚከፈት አልከኝ?» አሉ። እኔ እንኳ ምንም አላልኳቸውም ነበር።

ዛሬ ሰው ልሥል ስቀመጥ፣ አስቀድሜ «እንዴት ልሣልዎ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያኔም ጠይቄ ቢሆን ያ ሁሉ ድንጋጤ በቀረልኝ። ለካ በዚያ ዓይን ያፈርኩበት እኔ ነበርኩ፤ እሳቸውማ አንድም ቀን አፍረውበት አያውቁም።