የእንሴኖው ሰርግ የቀጠነበት ቀን

ዲቪዲውን ያገኘሁት የድሮ ኬብሎች ካርቶን ስገለብጥ ነው። ላዩ ላይ በእጄ ጽሑፍ «የእንሴኖ ሰርግ፣ የተስተካከለ» ይላል። ሽፋኑ አሁንም በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

ቪዲዮውን መጀመሪያ ለቤተሰቡ ያሳየን ቀን፣ ቡታጅራ፣ ስቱዲዮው ውስጥ የነበርነውን ልቁጠር፦ የስቱዲዮው ባለቤት፣ ሰርጉን የቀረጸው ካሜራማን፣ ሙሽራዋ፣ እናቷ፣ እንሴኖ ገበያ በርበሬ የሚነግዱት አባቷ፣ እና ኤዲቲንግን እየነካካሁ ብቻዬን የተማርኩት እኔ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር፤ ቤተሰቡ ከወደደው እቀጠራለሁ፣ ካልወደደው እሰናበታለሁ።

ኤክስፖርቱ፣ ያቀናበርኩትን ወደ ዲቪዲ ማውጣቱ፣ ሁለቴ መብራት ሄዶበት በሦስተኛው ቀን አለቀ። ክፍሉ የጋለ አቧራ ይሸታል። ያን የመጀመሪያውን ዲቪዲ ስከፍተው የሙሽራዋ እናት ጮኹ።

«ያ አላህ! ልጄን ምን አደረጋችኋት? እንዲህ የከሳችው!»

ካሜራው የቀረጸው በሰፊ ስክሪን ነው፤ እኔ ግን ሲኩዌንሱን፣ ምስሉ የሚቀናበርበትን ገጽ፣ የከፈትኩት በድሮው ጠባብ ቴሌቪዥን ልክ። የሦስት ሰዓት ሰርግ ከግራና ቀኝ ተጨምቋል። ሰዎቹን በአካል አይቻቸው ስለማላውቅ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቤተሰቡ በዘሩ ቀጭን መስሎኝ ነበር።

«ከእኔ ካሜራ ሲወጡ ደህና ነበሩ» አለ ካሜራማኑ።

የስቱዲዮው ባለቤት አፈጠጠብኝ። «እንግዲህ ወንድሜ...» ብሎ ሲጀምር አባትየው እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ቆይ። እስቲ ወደ ኋላ መልሰው።»

መለስኩት። ልጃቸውን መርቀው ሲሸኙ ነበር። በአካል ገበያው ሁሉ በቁመታቸው ማጠር የሚቀልድባቸው ሰው፣ ስክሪኑ ላይ እንደ ባህር ዛፍ ተመዘዋል።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት፤ ግን ተሳስቼ...»

«ምኑን ተሳሳትከው? ወላሂ፣ ገና ዛሬ አንድ ሰው ልኬን አወቀ!»

«ልጄስ እንደከሳች ልትቀር ነው?» አሉ እናትየው።

«እሷን በቅቤ እናወፍራታለን። ቪዲዮው እንዳይነካ!»

ተቀጠርኩ። ስህተቱ ግን እንደ እሾህ ወጋኝ። ሲኩዌንሱን በልኩ አዘጋጅቼ፣ እንደገና ኤክስፖርት አድርጌ፣ ራሴ እንሴኖ ለአባትየው ወሰድኩላቸው። በርበሬ በነካው እጃቸው አገላበጡት።

«እዚህኛው ላይ እንዴት ነኝ?»

«እንደ ልክዎ ነዎት።»

«እንግዲያው ይዘኸው ተመለስ።»

አባትየው ከሞቱ ከዓመታት በኋላ፣ ዘግይቼ ሰምቼ፣ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከዚያ ከቀጠነው ቪዲዮ የታተመ ፎቷቸው ተሰቅሏል። በሕይወት ሳሉ ያልደረሰችባቸው የልጅ ልጃቸው ጠጋ አለችኝ።

«አያቴ ረጅም ነበሩ አይደል?»

ለአንዲት ፍሬም ስህተት እንኳ የምጨነቀው እኔ፣ «በጣም» አልኳት።

ያን ቀን ስቱዲዮው ውስጥ የነበራችሁ፣ የረሳሁት ካለ ጨምሩበት። ቁመታቸውን ብቻ እንዳትነኩብኝ።