አያ አሕመዲን ያልሸኙት እንግዳ

አያ አሕመዲን ያበጠ የፕሮስቴት ዕጢያቸውን አዲስ አበባ በሌዘር ታክመው ሐይቅ ከተማ በገቡ ማግስት፣ ጎረቤቱ ሊጠይቅ ቤታቸውን ሞላው። ሐኪሙ «ውሃ ያብዙ፤ ሽንት ለጊዜው ሊያመልጥዎ ይችላል» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ለጠያቂ የነገሩት የውሃውን ብቻ ነው፤ ሌላውን በየት አፋቸው ያውሩት!

«በሞቴ ጠጡ፣ አያ!» ይላል አንዱ። ብርጭቆውን ሳይጨርሱት ሌላው ይሞላዋል።

ከዚያ ዱዓው ተጀመረ። የወሎ ዱዓ ደግሞ አንዴ ከተያዘ ቶሎ አይለቅም። መሐል ላይ ተነስቶ መውጣት ነውር ነውና፣ አያ አሕመዲን መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» እያሉ ጭናቸውን አጣበቁ። ምን ዋጋ አለው! በመጨረሻው «አሚን» ላይ ጋቢያቸው ሥር ሞቅ አላቸው።

እንግዶቹ ለመሄድ ተነሱ። አያ አሕመዲን ሰው እስከ አጥር በር ሳይሸኙ ቀርተው አያውቁም፤ አሁን ግን እንዴት ብለው ይነሱ? «በሉ ደህና ግቡ» ብለው እዚያው ቀሩ።

ጎረቤታቸው ኑርዬ ክው አለ። «ኧረ ጀመዓ! አያ መነሳት አቅቷቸው እያየን ጥለናቸው ልንሄድ ነው? ተቀመጡ እንጂ፣ ዱዓው ይደገም!»

«ኧረ ደህና ነኝ!» አሉ አያ አሕመዲን።

«ደህና የሆነማ ይነሳል» አለ ኑርዬ።

ሁሉም ተመልሶ ተቀመጠ። አያ አሕመዲን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መዳፋቸውን ዘረጉ።